የዩሪክ አሲድ ወረቀት ላይ ባዶ የቀረው መስመር፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ የጤና ኃላፊዎች ግልጽ ደብዳቤ

ለደሴ ከተማ አስተዳደር ጤና መምሪያ፣
ለኮምቦልቻ ከተማ አስተዳደር የጤና ኃላፊዎች፣
በሁለቱ ከተሞች በክሊኒክ፣ በላብራቶሪና በመድኃኒት ቤት ለምትሠሩ ባልደረቦቼ፣
እንዲሁም «ዩሪክ አሲድ አለባችሁ» ለተባላችሁ ወገኖቼ

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ደሴ ውስጥ ዘንድሮ ስለ ዩሪክ አሲድ የማይወራበት ቦታ የለም። ቡና ላይ ይወራል። ለቅሶ ቤት ይወራል። ከፒያሳ ወደ ሰኞ ገበያ በሚሄድ ባጃጅ ውስጥ ሳይቀር ይወራል። «ሥጋ ተከልክያለሁ» ይላል አንዱ። «እኔማ ሽሮም ምስርም ተከልክያለሁ» ትላለች ሌላዋ። ሦስተኛው ጎረቤቱን አድኗል የተባለ ቅጠል ይጠቁማል። ስለ ኩላሊት የሚያነሳ ሰው ግን እምብዛም አይገጥመኝም። ደብዳቤውን የጻፍኩት ለዚህ ነው።

ፋርማሲስት ነኝ። የምሠራው ደሴ ነው። ቤተሰቤ ኮምቦልቻ ስላለ የሐረጎን ዳገት መውጣትና መውረድ ለምጄዋለሁ። በሁለቱም ከተማ የማየው አንድ ዓይነት ነው። ሰው እያነከሰ ይገባል። አንድ እግሩ ላይ ቆዳ ጫማ፣ ሌላው ላይ ነጠላ ጫማ አድርጓል። የአውራ ጣቱ ሥር ቀልቶና አብጦ ያብረቀርቃል። ሌሊት ብርድ ልብስ ሲነካው እንኳ እንደሚያስጮኸው ይነግረኛል። ከዚያ ከደረት ኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ የላብራቶሪ ወረቀት ያወጣል። ዩሪክ አሲድ የሚለው መስመር በቀይ እስክሪብቶ ተከቧል፤ 8.9፣ ወይም 9.4። ከጎኑ ወደ ላይ የሚያይ ቀስት አለ። ክሬቲኒን የሚለው፣ የኩላሊትን አሠራር የሚያሳየው የደም ምርመራ መስመር ባዶ ነው። የሽንት ምርመራው ቦታም ባዶ ነው። አብሮት ያለው ማዘዣ ላይ ዲክሎፌናክ የሚባለው ማስታገሻ ተጽፏል፤ ብዙ ጊዜ መርፌውም ኪኒኑም።

የምለምነው ያ ባዶ መስመር እንዲሞላ ነው።

መጀመሪያ ስለ ዩሪክ አሲድ ራሱ ትንሽ ላውራ፤ ፍርሃቱ ከእውቀቱ ስለበለጠ። ዩሪክ አሲድ መርዝ አይደለም። የሁላችንም ደም ውስጥ አለ። የሰውነታችን ሴሎች ሲያረጁና ሲታደሱ፣ የበላነውም ሲፈጭ፣ ፒዩሪን የሚባል ንጥረ ነገር ይፈርሳል። የመጨረሻ ውጤቱ ዩሪክ አሲድ ነው። ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የሚመጣው ከራሳችን አካል ነው። ከገበታ የሚመጣው አንድ ሦስተኛው ገደማ ብቻ ነው። አብዛኞቹ አጥቢ እንስሳት ይህን አሲድ የሚሰባብር ኢንዛይም አላቸው። ሰው የለውም፤ ስለዚህ ማስወጣት ግድ ይሆንበታል። ከሦስት እጁ ሁለቱን የሚያስወጣው ኩላሊት ነው። የቀረው በአንጀት በኩል ይወጣል።

አሁን ወረቀቱን እንደገና እንየው። ዩሪክ አሲድ ከፍ አለ ማለት ወይ ሰውነት አብዝቶ ሠርቷል፣ ወይ ኩላሊት በሚገባው ልክ አላስወጣም ማለት ነው። ሪህ፣ ማለትም ዩሪክ አሲድ መገጣጠሚያ ላይ ክሪስታል ሠርቶ የሚያመጣው ያ የአውራ ጣት ሕመም፣ ከያዛቸው ሰዎች የአብዛኞቹ ችግር ሁለተኛው ነው። የሁሉም ኩላሊት ታሟል ማለቴ አይደለም። በዘር የመጣ የኩላሊት ጠባይ አለ። የሚወሰድ መድኃኒትም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የጓሮ ቦይ ሞልቶ ወደ ቤት ሲገባ ዝናቡን ብቻ እየረገመ የሚቀመጥ ሰው የለም፤ ወጥቶ ቦዩ ተደፍኖ እንደሆነ ያያል። እኛ ግን ሥጋውን እየረገምን ኩላሊቱን ሳናይ እንቀራለን።

ኩላሊትን አለማየት ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም በዓለም ላይ ከ10 አዋቂ ሰዎች አንዱን ገደማ ይነካል። ዋነኞቹ መንስኤዎች ስኳርና የደም ግፊት ናቸው። ከፍ ያለ ዩሪክ አሲድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከእነዚሁ ጋር ነው የሚገኘው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን። ኩላሊት ግን በሽታውን የሚደብቀው ራሱ ነው። አያምም። አያሳብቅም። ግማሽ ያህል አቅሙን እስኪያጣ ድረስ ክሬቲኒኑ እንኳ «ኖርማል» በሚባለው ክልል ውስጥ ሊቆይ ይችላል። እግር ሲያብጥ፣ ምግብ ሲያስጠላ፣ ሰውነት ሲያሳክክ ብዙ ነገር አልፏል። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ የኩላሊት እጥበት ነው። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ጊዜ አራት ሰዓት ገደማ ማሽን ላይ መዋል። ይህ በአንድ ቤተሰብ ኪስ፣ ሥራና እንቅልፍ ላይ ምን እንደሚያደርግ እናንተ ከእኔ በተሻለ ታውቃላችሁ።

ስለዚህ ሪህ ለብዙ ሰው ኩላሊቱን ለማየት የተገኘ ጥሩ አጋጣሚ ነው። ለግፊት ተመርመር ሲባል «ደህና ነኝ» የሚል ሰው፣ አውራ ጣቱ ሲነድ ግን ራሱ ሮጦ ይመጣል። ክንዱን ለደም መቅጃ ይሰጣል። ያቺው ደም ለክሬቲኒንም ትበቃለች።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ በትክክል መመለስ አለበት፤ በሁለቱም በኩል የተጋነነ ወሬ ስላለ። ዩሪክ አሲድ ራሱ ኩላሊትን ይጎዳል ወይ? በከፊል አዎ። ሽንት ሲወፍርና አሲድነቱ ሲበረታ የዩሪክ አሲድ ጠጠር ይሠራል፤ ጠጠር ኩላሊትን ይጎዳል። በአንዳንድ የካንሰር ሕክምናዎች ጊዜ ብዙ ሴል በአንዴ ሲሞት ዩሪክ አሲዱ በድንገት ይከመርና ኩላሊትን ሊዘጋ ይችላል። ይህ የታወቀ ነው። ከዚያ ውጪ፣ ዩሪክ አሲዳቸው ከፍ ያለ ሰዎች ውለው አድረው የኩላሊት ሕመም እንደሚበዛባቸው ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል። በአይጦች ላይ የተሠሩ ሙከራዎችም ጥርጣሬውን አጠንክረውት ነበር። ታዲያ ሐኪሞች «እንግዲያው እናውርደው» አሉ።

እ.ኤ.አ. በ2020 ሁለት ትልልቅ ሙከራዎች ውጤታቸውን አወጡ። አንደኛው ኩላሊታቸው የደከመ 369 ሰዎችን ያካተተ ነበር። ሌላው ዓይነት አንድ ስኳር ያለባቸውን 530 ሰዎች። በሁለቱም ግማሾቹ አሎፑሪኖል የሚባለውን የዩሪክ አሲድ ማውረጃ ወሰዱ፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት ኪኒን። ዩሪክ አሲዱ በደንብ ወረደ። የኩላሊቱ መድከም ግን አልዘገየም። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ዓለም አቀፍ የኩላሊት ሕክምና መመሪያ ሪህም ሌላ ምልክትም ለሌለው ሰው፣ ኩላሊትን ለመጠበቅ ብቻ ተብሎ የዩሪክ አሲድ ማውረጃ እንዳይሰጥ ይመክራል።

እኔ ከዚህ የምረዳው እንዲህ ነው። ከፍ ያለ ዩሪክ አሲድ በብዙ ሰው ላይ ጥፋተኛ ሆኖ አልተገኘም፤ የሚታመን ምስክር ግን ነው። ምስክርን ደግሞ መስማት ያስፈልጋል። «ዩሪክ አሲድ ኩላሊት ይጨርሳል» ብሎ ሰው ማስፈራራትም፣ «ሥጋ ተው ይለቅሃል» ብሎ መሸኘትም ትክክል አይደለም።

ከሁሉም በላይ እንቅልፍ የሚነሳኝ ማስታገሻው ነው።

ሪህ ሲነሳ ሕመሙ የዋዛ አይደለም። ሰው ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ያድርና ገና ሳንከፍት በር ላይ ይጠብቀናል። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ኢንዶሜታሲን ያስታግሱለታል። ደህና ኩላሊት ያለው ሰው ለጥቂት ቀን በልኩ ቢወስዳቸው ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው። አሠራራቸውን ግን እንወቅ። ፕሮስታግላንዲን የሚባለውን የሰውነት ንጥረ ነገር ያግዳሉ። እብጠቱንና ሕመሙን የሚያባብሰው እሱ ነው። እሱው ራሱ ግን ወደ ኩላሊት ማጣሪያ የምትገባውን ቀጭን የደም ሥር ከፍቶ ይይዛል፤ በተለይ ሰውነት ውሃ ሲያጥረው ወይም ኩላሊቱ ቀድሞ ሲደክም። ማስታገሻው ሲመጣ ያቺ ደም ሥር ትጠባለች። ማጣሪያው የሚያገኘው ደም ይቀንሳል። ለጤነኛ ሰው ቀላል ነገር ነው። ለደከመ ኩላሊት ግን ከባድ ዱላ ነው።

በቅርቡ አንድ አባት መጡ። ማዘዣቸው ላይ ዲክሎፌናክ በቀን ሁለቴ፣ ለሁለት ሳምንት ይላል። የት እንደታከሙ መናገር አያስፈልግም፤ ተመሳሳዩን ከብዙ ቦታ አያለሁና።

«አባባ፣ የግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ?» አልኳቸው።

«አዎ ልጄ፣ ሁለት ዓይነት። ጠዋት ጠዋት።»

ከኮታቸው ኪስ አወጡልኝ። ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ነበሩ።

«ኩላሊትዎ ተመርምሮ ያውቃል?»

«ኧረ እኔን ያመመኝ እግሬ ነው!»

እውነታቸውን ነው። የጠየቃቸው የለም። ኢናላፕሪል በአንድ በኩል፣ የሚያሸናው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ በሌላ በኩል፣ ዲክሎፌናክ በላዩ ሲጨመር ሦስቱ ተባብረው ኩላሊትን በጥቂት ቀን ውስጥ ሊጥሉት ይችላሉ። በሙያችን በደንብ የታወቀ ችግር ነው። ላዘዘላቸው ባለሙያ ደወልኩ። ደግ ሰው ነው፤ ወዲያው ገባው። ክሬቲኒን ተሠራላቸው። ኩላሊታቸው ከሚገባው በታች እየሠራ ነበር። ማስታገሻው ቀርቶ ለአጭር ቀን ፕሬድኒሶሎን የሚባል እብጠት የሚያበርድ ሌላ መድኃኒት ተሰጣቸው፤ ስኳር እንደሌለባቸው ከታየ በኋላ። እግራቸው ዳነ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን የኩላሊታቸው ነገር በጊዜ መታወቁ ነው።

አደራ፣ ይህን ያነበበ ሰው የግፊት መድኃኒቱን እንዳይጥል። ኢናላፕሪል በተለይ ስኳር ላለበትና በሽንቱ ፕሮቲን ለሚወጣበት ሰው ኩላሊትን የሚጠብቅ መድኃኒት ነው። ጣጣው የመጣው ማስታገሻው በላዩ ሲደረብ ነው። የሚያሸኑት ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ፉሮሲማይድ ግን ራሳቸው ዩሪክ አሲድን ከፍ ያደርጋሉ። ስለዚህ ሪህ የሚመላለስበት የግፊት ታካሚ ሲመጣ ሐኪሙ መድኃኒቱን መለስ ብሎ ማየት ይችላል። ሎሳርታን ለምሳሌ ግፊትንም ዩሪክ አሲድንም ዝቅ ያደርጋል። የሳንባ ነቀርሳ ታካሚ ፒራዚናማይድ ሲወስድም ዩሪክ አሲዱ ይጨምራል። ይህ የሚጠበቅ ነው። የነቀርሳ መድኃኒት በዚህ ምክንያት በራስ ውሳኔ አይቋረጥም።

ወደ አሎፑሪኖል ልምጣ። ይህ መድኃኒት ከእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ጀምሮ ያለ፣ በአግባቡ ከተሰጠ ብዙ ሰው ያዳነ መድኃኒት ነው። ከሠሩት ሳይንቲስቶች ገርትሩድ ኤሊየንና ጆርጅ ሂቺንግስ እ.ኤ.አ. በ1988 የኖቤል ሽልማት ካገኙት መካከል ናቸው። እኛ ጋ ግን ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛው፣ አንድም ቀን አሟቸው ለማያውቁ ሰዎች ቁጥሩ ከፍ ስላለ ብቻ ይሰጣል። ዩሪክ አሲዳቸው ከፍ ያለ ሰዎች አብዛኞቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሪህ አይዛቸውም። ሁለተኛው፣ በእርግጥ ለሚያስፈልገው ሰው ደግሞ በአንዴ 300 ሚሊግራም ይጀመርለታል። የሚመከረው በ100 ወይም ከዚያ በታች ጀምሮ ቀስ እያሉ ማሳደግ ነው። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ደግሞ ከዚያም ዝቅ ብሎ። ክሬቲኒኑ ሳይታወቅ ይህን ልክ ማን ሊመጥነው ይችላል?

ሕመምተኛውም ሊነገረው የሚገባ ነገር አለ። አሎፑሪኖል ሲጀመር በመጀመሪያዎቹ ወራት ሪህ ሊነሳ ይችላል። ለዚህ ነው ኮልቺሲን የሚባለው የሪህ መድኃኒት በትንሽ መጠን አብሮ የሚሰጠው። ሰው ይህን ካልተነገረው «አባሰብኝ» ብሎ ይጥለዋል። የዩሪክ አሲዱ መድረሻ በአንድ ዴሲሊትር ደም ከ6 ሚሊግራም በታች ነው፤ በደም ውስጥ 6.8 አካባቢ ሲደርስ ክሪስታል መሥራት ስለሚጀምር። ሽፍታ ከወጣ ግን በዚያው ቀን ማቆምና ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም። አልፎ አልፎ የሚከሰት ነው፤ ሲከሰት ግን ሕይወት የሚነካ ነውና በቀልድ አይታይም።

አሁን ስለ ምግብ። እዚህ ላይ ሆዴ የሚባባው ለእናቶቻችን ነው። ዐቢይ ጾም ይገባል። ሥጋው በጾሙ ቀርቷል። ሽሮውንና ምስሩን ደግሞ «ዩሪክ አሲድ» ከለከላቸው። ምን ይብሉ? አንዲት እናት ጾሙን ሙሉ በእንጀራና በጎመን ብቻ እንደከረሙ ሲነግሩኝ አዘንኩ። ደክመዋል። ፊታቸው ገርጥቷል።

ባቄላ፣ ምስር፣ ሽምብራና አተር ፒዩሪን እንዳላቸው እውነት ነው። ነገር ግን ከእ.ኤ.አ. 2004 ጀምሮ የምናውቀው ሌላም እውነት አለ። 47,150 ወንዶችን ለ12 ዓመት የተከታተለ ጥናት ሥጋና የባሕር ምግብ የሪህን ዕድል ከፍ እንደሚያደርጉ አገኘ። ፒዩሪን ያለባቸው አትክልትና ጥራጥሬ ግን ከፍ አላደረጉትም። ወተትና የወተት ተዋጽኦ፣ በተለይ ቅባቱ የወጣለት፣ እንዲያውም ዝቅ አደረገው። ስለዚህ ሪህ ያለበት ሰው ሽሮውን ይብላ። የኩላሊት ሕመሙ የጠና ሰው ግን የፕሮቲኑም የፖታሲየሙም ልክ ስለሚለያይ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ይብላ። ቡናችንም አይነካብን። ቡና ጠጪዎች ላይ ሪህ እንደሚያንስ ያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ስኳሩን ቀነስ ማድረግ ነው።

መቀነስ ያለበትማ ይታወቃል። ዱለቱ፣ ጉበቱ፣ ኩላሊቱ፣ በየሳምንቱ መጨረሻ የሚቆረጠው ቁርጥ። ከሐይቅ የሚመጣውም ዓሣ ልክ አለው። ቢራ ከሥጋ ባልተናነሰ ሪህን ይቀሰቅሳል። ጠላና ጠጅም አልኮል ናቸው። ብዙ ሰው የማያውቀው ለስላሳ መጠጥን ነው። ስኳሩ ውስጥ ያለው ፍሩክቶስ ጉበት ውስጥ ሲፈጭ ዩሪክ አሲድ ይጨምራል። «ቢራ ትቻለሁ» ብሎ በቀን ሦስት ጠርሙስ ለስላሳ የሚጠጣ፣ የተሻሻለም የሚመስለው ወንድም ብዙ ነው። ይህንን ሁሉ በደንብ የጠበቀ ሰው ዩሪክ አሲዱን የሚቀንሰው በ1 ሚሊግራም ገደማ ነው። ከ9 ተነስቶ በአመጋገብ ብቻ ከ6 በታች አይገባም። ምግብ ይጠቅማል፤ ሁሉንም ግን አይሠራም። ሰውን «ያልዳንከው ሆዳም ስለሆንክ ነው» እያልን አናሸማቅቀው።

ውሃን ለብቻው ላንሳ፤ በተለይ ስለ ኮምቦልቻ። ደሴ ብርድ ነው፤ ሰው ውሃ የማይጠጣው ስለማይጠማው ነው። ኮምቦልቻ ግን ይሞቃል። በፋብሪካዎቹና በኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ በፈረቃ የሚሠሩ ልጆች ውሃ ሳይጠጡ ብዙ ሰዓት ይቆማሉ። አንዳንዶቹ ሽንት ቤት ላለመመላለስ ሆን ብለው እንደማይጠጡ ነግረውኛል። የወፈረ ሽንት የጠጠር መነሻ ነው። ውሃ ጠጥቶ ሽንት ቤት መሄድ በሥራ ሰዓት የሚያስቆጣ ነገር መሆን የለበትም። አንድ ነገር ደግሞ በዚሁ ልጨምር፦ ባትሪ የሚፈቱና የሚጠግኑ ጋራዦች ውስጥ ያላችሁ፣ እርሳስ የሚባለው ብረት ለረጅም ጊዜ ወደ ሰውነት ሲገባ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ዩሪክ አሲድ እንዳይወጣም ያደርጋል። ሪህ ከያዛችሁ ሥራችሁን ለሐኪሙ ንገሩት።

በረመዳንም እንዲሁ ነው። ሪህ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ጿሚ ጾሙ ከመግባቱ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። ከአፍጥር እስከ ስሁር ባለው ጊዜ ውሃውን አከፋፍሎ ይጠጣ። ማስታገሻ ውጦ ውሃ ሳይጠጣ መዋል ግን ለኩላሊት ከሁሉም የከፋ ነው። የየመስጂዱ ኢማሞችና የየደብሩ አባቶች ሁለት ደቂቃ ቢሰጡን ከእኛ ይልቅ እነሱ ይሰማሉ። ወሎ በዚህ የታደለ ነው፤ ሼሁም ቄሱም በአንድ ለቅሶ ላይ ተቀምጠው የሚመክሩበት አገር ነው።

እንግዲህ ከእናንተ የምጠይቀውን ልናገር።

የጤና መምሪያዎቹ ለመንግሥትም ለግልም ተቋማት አንድ አጭር መመሪያ ቢልኩ ብዙ ነገር ይለወጣል። ዩሪክ አሲድ ሲታዘዝ ክሬቲኒን አብሮ ይታዘዝ። ሽንት ለፕሮቲን ይታይ፤ ሽንት ውስጥ ገብታ ቀለሟ የምትለወጠው ቀጭን ወረቀት ውድ አይደለችም። ደም ግፊት ይለካ፤ ይህ ምንም ወጪ የለውም። የስኳሩም ምርመራ አይዘለል። ክሬቲኒኑ ብቻውን ተጽፎ እንዳይሰጥ፤ ላብራቶሪው በዕድሜና በጾታ አስልቶ የኩላሊቱን የማጣራት አቅም አብሮ ይጻፍ። 1.4 ክሬቲኒን ለአንድ ፈርጣማ ወጣትና ለአንዲት የ70 ዓመት እናት አንድ ትርጉም የለውም። አቅሙ ከ60 በታች ከሆነ ወይም ፕሮቲን ከታየ፣ ከሦስት ወር በኋላ ይደገም። ሥር የሰደደ የሚባለው ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ሲቆይ ነውና በአንድ ቀን ወረቀት ሰው «ኩላሊትህ ሞቷል» አይባል። የጤና መድህን ደብተር የያዘ ሰው እነዚህን ምርመራዎች በቅርቡ ባለው ጤና ጣቢያ እንዲያገኝ ሪኤጀንት እንዳይቋረጥ ማድረግም የእናንተ ድርሻ ነው። «ማሽኑ አለ፣ ኬሚካሉ የለም» የሚለውን መልስ ሰው ሰልችቶታል።

የደሴ ሆስፒታል በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምን ያህል እንደተዘረፈና እንደወደመ እዚህ ከተማ የኖረ ሁሉ ያውቃል። ከዚያ ተነስቶ እንደገና አገልግሎት መስጠቱ ቀላል ነገር አይደለም፤ ባለሙያዎቹን ከልቤ አከብራለሁ። ስለዚህ አዲስ ሕንፃ ወይም ትልቅ ማሽን አልጠየቅኩም። የጠየቅኩት በተቀዳው ደም ላይ አንድ መስመር እንዲጨመር ነው።

ለእኛ ለመድኃኒት ቤት ሠራተኞች ደግሞ ይህን እላለሁ። ማስታገሻ ከመስጠታችን በፊት ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ፦ ኩላሊትዎን ታመው ያውቃሉ? የግፊት ወይም የልብ መድኃኒት ይወስዳሉ? ስኳር አለብዎት? አንዱ እንኳ «አዎ» ከሆነ ዲክሎፌናኩን እናቆየውና ወደ ሐኪም እንላካቸው። ያለ ማዘዣ መርፌ እየወጉ መሸኘት ይቅር። ገበያ እንደሚቀንስ አውቃለሁ። ሰልፉ ረጅም ሲሆን ጥያቄ መጠየቅ እንደሚከብድም አውቃለሁ። ሦስቱ ጥያቄዎች ግን አንድ ደቂቃ አይፈጁም።

የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕክምናና የፋርማሲ መምህራንም ልጆቻችሁን ወደየመድኃኒት ቤቱና ወደየጤና ጣቢያው ስትልኩ ይህን ጉዳይ እንዲከታተሉት አድርጉ። በከተሞቻችን ሪህ ይዞት ከሚመጣው ሰው ስንቱ ኩላሊቱ ይታያል? ስንቱስ በማስታገሻ ላይ ነው የሚኖረው? ለመመረቂያ ጽሑፍ ከዚህ የተሻለ ርዕስ አይታየኝም።

እናንተ «ዩሪክ አሲድ አለባችሁ» የተባላችሁ ወገኖቼም አብሽሩ። ወረቀታችሁን አውጥታችሁ እዩት። ክሬቲኒን የሚለው ቦታ ባዶ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ «ዶክተር፣ ኩላሊቴስ?» በሉ። መጠየቅ ነውር አይደለም። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህሉንም ጨምሮ፣ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ሪህ ሲነሳ እግራችሁን ከፍ አድርጋችሁ አሳርፉ፣ በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙበት። ከጎረቤት የተረፈ ማስታገሻ ግን አትዋጡ። የወንድማችሁ አሎፑሪኖልም የእናንተ አይደለም።

መመሪያው እስኪወጣ ድረስ በየመድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ የሚለጠፍ አንድ ገጽ ጽሑፍ በአማርኛ እያዘጋጀን ነው። ሦስቱን ጥያቄዎች ይዟል። ከመለጠፉ በፊት በጤና መምሪያዎቹ ባለሙያዎች ቢታይልን ደስ ይለናል። ረቂቁን ለሁለቱም ከተሞች ቢሮ በእጅ አደርሳለሁ፤ መልሳችሁንም እዚያው እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
በደሴ ከተማ የሚሠራ ፋርማሲስት